አንድን ድምፅ መደጋገም

ሙዚቃ በምንሰማበት ጊዜ ጆሯችን ቀድሞ የሚይዘው ጎልቶ የሚወጣውን ድምፅ ነው። ዘፋኙን እንሰማለን፤ የጊታሩን ዜማ እናንጎራጉራለን፤ የድራሙን ምት በጣታችን ጠረጴዛ ላይ እንመታለን። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ሆኖ ዘፈኑን የሚሸከመውን ዝቅተኛ ድምፅ ለይቶ የሚያዳምጥ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህን ድምፅ የሚያሰማው ቤዝ ጊታር ነው። ስለ እርሱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረውም፣ «አንድን ድምፅ መደጋገም ነው እንጂ ምን ችሎታ አለው!» የሚል አስተያየት ነው። እናንተም ይህን ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ምናልባትም እንዲሁ ታስቡ ይሆናል። እኔ በበኩሌ አንድ የታወቀ የሮክ ዘፈን በቤዝ ጊታር ለመጫወት በተለማመድኩባቸው ወራት፣ አንድን ድምፅ በሚገባ መደጋገም ምን ያህል ሰፊ ትምህርት እንደሆነ ለመረዳት ችያለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማስረዳችሁም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። ቤዝ ጊታር ከተራው ጊታር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የቤዝ ጊታር አንገት ረዘም፣ ክሮቹም ወፈር ያሉ ናቸው። ተራው ጊታር ስድስት ክሮች ሲኖሩት ቤዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አራት ብቻ አሉት፤ እነርሱም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ እና ሶል ተብለው ይቃኛሉ። ወፍራሙ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የተራው ጊታር ወፍራም ክር ግን በዚያው ሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እርግብግቢቱ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ዝቅ ስለሚል፣ ቤዝ ጊታር የሚሰማው ጆሮን ብቻ ሳይሆን ደረትንም ነክቶ ነው። የባህል ሙዚቃ ቡድን ሲጫወት ያያችሁ እንደሆነ፣ ከክራሩ አጠገብ ተለቅ ያለ ቤዝ ክራር ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያጅብ ሙዚቀኛ መኖሩን ታስታውሳላችሁ። የሁለቱም መሣሪያዎች ተግባር አንድ ነው፤ ይኸውም ዜማው ጸንቶ የሚቆምበትን መሬት ማዘጋጀት ነው።

ለልምምድ የመረጥኩት ዘፈን ዲፕ ፐርፕል የተባለው የእንግሊዝ ቡድን የተጫወተው «ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» ነው። ትርጓሜውም «ጢስ በውኃ ላይ» ማለት ነው። የዘፈኑ ታሪክ ከእውነተኛ አደጋ የተነሣ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አዲስ አልበም ለመቅዳት በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ ወደምትገኘው ሞንትሮ ከተማ ሄደ። ሊቀዱበት ያሰቡት ቦታ የከተማይቱ ካዚኖ ነበረ። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ4ኛው ቀን ፍራንክ ዛፓ የተባለው ሙዚቀኛ ከቡድኑ ጋር በካዚኖው ትርዒት በማሳየት ላይ ሳለ፣ ከተመልካቾች አንዱ የምልክት መተኮሻ ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኰሰ። እሳቱ ቶሎ ተዛመተ። የሰው ሕይወት ባይጠፋም ሕንፃው ፈጽሞ ተቃጠለ፤ ጢሱም በሐይቁ ላይ ተንጣለለ።

የዲፕ ፐርፕል አባላት መቅጃ ስፍራ አጥተው ሌላ አዳራሽ ፈለጉ። የዚህ ዘፈን የመሣሪያ ክፍል የተቀዳው በዚያ አዳራሽ ነው፤ ሆኖም በሌሊቱ ጩኸት የተማረሩ የአካባቢው ነዋሪዎች አቤት በማለታቸው ፖሊስ መጥቶ አስቆማቸው። ከዚህ በኋላ ለክረምቱ ተዘግቶ ወደነበረ አንድ ትልቅ ሆቴል ሄዱና በኮሪደሮቹ ውስጥ ፍራሽ እየደረደሩ፣ ውጭ ከቆመ የመቅጃ መሣሪያ ከተገጠመለት መኪና ጋር በገመድ እየተገናኙ ሥራቸውን ፈጸሙ። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. «ማሽን ሄድ» በተባለው አልበማቸው ውስጥ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሳበኝ አንድ ነገር አለ። ቃጠሎው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ የዘፈኑ ርእስ የሆኑት ቃላት ከአፉ ወጡ። ያ ሰው የቡድኑ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሮጀር ግሎቨር ነው። ዘፈኑን የሚያውቁ እጅግ ብዙዎች የጊታር ተጫዋቹን የሪቺ ብላክሞርን ስም ይጠራሉ፤ ስሙን ያወጣለት ግን ከኋላ ቆሞ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚጫወተው ሰው ነበረ። የድርሰቱም ባለቤትነት የተመዘገበው በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በአምስቱም የቡድኑ አባላት ስም ነው።

እንግዲህ ዘፈኑ እንዴት እንደተገነባ እንመልከት። በመጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ይገባል። የሚጫወተው መነሻ ዜማ ከአራት ድምፆች ብቻ የተሠራና አንድ ጊዜ ከሰሙት የማይረሳ ነው። በየዓለሙ ማእዘን ጊታር የሚጀምር ወጣት ቀድሞ ከሚለማመዳቸው ዜማዎች አንዱም ይኸው ነው። ቀጥሎ የድራሙ ቀጫጭን ሳሕኖችና የጆን ሎርድ ኦርጋን ይከተላሉ። ከዚያ የኢያን ፔይስ ድራም በሙሉ ኃይሉ ይገባል። ቤዝ ጊታሩ የሚገባው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ የኢያን ጊላን ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ነው። የሚለውም ምንድን ነው? በአብዛኛው ያንኑ «ሶል» የተባለውን ድምፅ፣ በእያንዳንዱ አራት ምት ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ እኩል በእኩል መደጋገም ነው። ዘፈኑ ከአምስት ደቂቃ ተኩል በላይ ስለሚፈጅ፣ ቤዝ ተጫዋቹ እስከ ፍጻሜው ድረስ ክሩን የሚመታው ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ነው።

የልምምዴ መጀመሪያ ማዳመጥ ነበረ። ዘፈኑን በእጅ ስልክ ስከፍተው ጊታሩ፣ ድራሙና ዘፋኙ ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ ቤዝ ጊታሩ ግን የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ እርግብግቢት ለማውጣት ዐቅም የለውም። በደኅና የጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ግን ሌላ ዘፈን መሰለኝ። ቀድሞ በአየር ላይ ተንሳፎ የነበረው ሁሉ አሁን መሬት ረግጦ ቆመ። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል መሣሪያውን ሳልነካ ያን ድምፅ ብቻ እየተከታተልኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማዳመጥን ሥራዬ አደረግሁት። ለመናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መስማት እንዳለበት ሁሉ፣ ለመጫወት የሚፈልግም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የጣቶች ትምህርት ነው። በቤዝ ጊታር አንገት ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች አግድም ተደርድረዋል። «ሶል» የሚገኘው በወፍራሙ ክር ላይ፣ በሦስተኛው ፍሬት ዘንድ ነው። የግራ እጅ ጣት ክሩን የሚጫነው ከብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ነው። ጣቱ ብረቱን ከረገጠ ድምፁ ይታፈናል፤ ከብረቱ እጅግ ከራቀ ደግሞ ክሩ ይንጣጣል። በመካከላቸው ያለው ትክክለኛ ቦታ ከአንድ ጣት ስፋት አይበልጥም። የክሩ ውፍረት የጣትን ጫፍ ያቆስላል፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ቆዳው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሕመሙም ይረሳል።

የቀኝ እጅ ሥራ ከዚህ ይከብዳል። ክሩ የሚመታው በጠቋሚና በመሐል ጣት ተራ በተራ ነው። ሁለቱ ጣቶች በቁመትም በጉልበትም እኩል አይደሉም። በዚህ ምክንያት የጀማሪ ሰው አመታት፣ አንደኛው ጠንከር ሌላኛው ለዘብ እያለ፣ እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ ይሰማል። ይህን ለማስተካከል ያለው መንገድ ፍጥነትን ቀንሶ እያንዳንዱን ምት በጆሮ መመዘን ነው። እኔም በየምሽቱ ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን «ሶል» እየመታሁ፣ የትኛው ምት ከየትኛው ጣት እንደወጣ ለይቼ የማላውቅበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ተለማመድኩ።

ሦስተኛው ደረጃ ከጊዜ ጋር መስማማት ነው። ሙዚቀኞች ሜትሮኖም በሚባል መሣሪያ ይለማመዳሉ፤ እርሱም በደቂቃ የተወሰነውን ያህል ምት ሳያዛንፍ የሚቈጥር ነው። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 112 ምት ገደማ ነው። እኔ የጀመርኩት በ60 ነበረ። በየሦስት ቀኑ አራት ምት እየጨመርኩ ስሄድ ወደ ዘፈኑ ፍጥነት ለመድረስ አርባ ቀን ያህል ፈጅቶብኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ጊዜው ስለረዘመ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙቀት ስላልተለየው ነው። ልምምድም ሐሳብ ሳይለየው ሲደጋገም ያድጋል እንጂ፣ ልብ ሌላ ቦታ ሆኖ እጅ ብቻ ሲንቀሳቀስ ዓመት ቢቈይም ፍሬ የለውም።

በዚህ ደረጃ ላይ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። አንድ ድምፅ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻም አለው። ክሩ ከተመታ በኋላ እንዲሁ ቢተው ረዥም ጊዜ ያስተጋባል፤ ቀጥሎ ከሚመጣውም ጋር ተቀላቅሎ ይደፈርሳል። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋቹ ድምፁ የት እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያልቅም ይወስናል። የግራ እጁን ጣት ትንሽ ላላ ሲያደርግ ድምፁ ይቆረጣል፤ በሁለት ድምፆች መካከልም ለዓይን ጥቅሻ ያህል ዝምታ ይፈጠራል። ያ ዝምታ ከረዘመ ዘፈኑ ይዘላል፤ ካጠረ ይከብዳል። እንግዲህ «አንድን ድምፅ መደጋገም» የሚባለው ነገር በውስጡ ይህን ሁሉ ውሳኔ የያዘ ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ከቦታው የሚነሣበት ጊዜ ይመጣል። በዘፈኑ ስንኞች ውስጥ ቤዝ ጊታሩ ከ«ሶል» ወደ «ፋ» ወርዶ ቶሎ ይመለሳል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ወደ «ዶ» ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ «ላ ቤሞል» ይሄድና ተመልሶ «ሶል» ላይ ያርፋል። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ አራት ፍሬቶች ውስጥ ስለሚገኙ እጅን ብዙ አያንከራትቱም። በጆሮ ላይ የሚያደርሱት ስሜት ግን ታላቅ ነው። ያ አንድ ድምፅ ለረዥም ጊዜ ሳይናወጥ ከቆየ በኋላ ወደ «ዶ» ሲሻገር፣ በጠባብ መተላለፊያ ሲጓዝ የቆየ ሰው በድንገት ሰፊ ሜዳ ላይ የወጣ ያህል ይሰማዋል። ሜዳው ሰፊ የሆነው መተላለፊያው ጠባብ ስለነበረ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ቀደም ብሎ ትዕግሥት አጥቶ ወዲያና ወዲህ ቢል ኖሮ፣ አዝማቹ ሲደርስ የሚከፈት በር ባልኖረ ነበር።

በመጨረሻም ከሌሎች ጋር የመጫወቱ ተራ ደረሰ። አንዱ ወዳጄ ጊታር፣ ሌላው ድራም ይጫወታሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድራም ተጫዋቹ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ሊሰሙን የሚመጡ ጎረቤቶች ጊታሩ ገና ሲጀምር ያጨበጭባሉ፤ ድራሙ ሲገባ ይነሣሉ፤ ቤዝ ጊታሩ ሲገባ ግን ዘወር ብሎ የሚያይ አልነበረም። በዚያ ጊዜ፣ «ይህን ሁሉ የደከምኩት ማንም ለማይሰማው ነገር ነውን?» የሚል ጥያቄ በልቤ ይመላለስ ነበር። ይህ ጥያቄ በሙዚቃ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በቡድን ሥራ ላይ ጽሑፉን ያዘጋጀ፣ ነገር ግን በክፍሉ ፊት ቆሞ ያላነበበ ተማሪ ያውቀዋል። በእግር ኳስ ሜዳ ዘጠና ደቂቃ ሲሮጥ ውሎ ጎል ያላገባ ተከላካይም ያውቀዋል።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ በዘፈኑ መካከል የእኔን መሣሪያ ከማጉያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ በድንገት ተነቀለ። ጊታሩም ድራሙም ቀጠሉ፤ ከእነርሱ አንድም ድምፅ አልጎደለም። ሆኖም ሁሉም ነገር ባዶ ሆነ። የጊታር ተጫዋቹ እጅ ዘገየ፤ የድራም ተጫዋቹም ቀና ብሎ አየኝ። የእርሱ ታናሽ እኅት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ነበር። ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ቅድም የነበረው ነገር የት ሄደ?» አለችኝ። የመሣሪያውን ስም አታውቀውም፤ ሲጫወትም ለይታ አልሰማችውም። በጠፋ ጊዜ ግን መጥፋቱን ከማንም ቀድማ ተናገረች። ገመዱን መልሼ ስሰካና ያችኑ «ሶል» ስመታ ፊቷ ፈካ።

በዚያች ቅጽበት ሲመላለስብኝ የነበረው ጥያቄ ዕረፍት አገኘ። ሰው ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ወለሉን አያመሰግንም፤ ግን በእርሱ ላይ ቆሞ ይሄዳል፣ ይጫወታል፣ ይጨፍራል። መሠረት የሚታወቀው በመታየቱ ሳይሆን፣ በላዩ የቆመው ነገር ሳይወድቅ በመቆየቱ ነው። የድር ክሮች ቢያብሩ አንበሳ ያስራሉ ሲባልም፣ እያንዳንዱ ክር ብቻውን ሲታይ ቀጭን መሆኑን መርሳት የለብንም። ጥንካሬው የሚመጣው እያንዳንዱ በቦታው ሲጠብቅ ነው።

ይህን ስል ግን ሰው ሁልጊዜ ከኋላ ይቁም፣ ድምፁን ከፍ አያድርግ ማለቴ አይደለም። ከፊት ለሚቆመው ክብር ይገባዋል። የብላክሞር ጊታር ያንን ዘፈን ባይጀምረው ኖሮ ግሎቨር የሚሸከመው ነገር ባልኖረ ነበር። ከኋላ መቆምም የታዛዥነት ብቻ ሥራ አይደለም። ፍጥነቱን ከድራሙ ጋር ሆኖ የሚጠብቀው፣ ዘፈኑ ወዴት እንደሚሻገር አስቀድሞ የሚያመለክተው፣ የዝምታውን ልክ የሚወስነው ቤዝ ተጫዋቹ ነው። እኔ የምለው ሥራችሁን የምትመዝኑበት ሚዛን ጭብጨባ ብቻ እንዳይሆን ነው። ጭብጨባ የሚሰጠው ለሚታየው ነገር ነው፤ ሥራ ግን ከሚታየው እጅግ ይሰፋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ከፊታችሁ ብዙ የሚደጋገም ሥራ አለ። የሒሳብ ቀመር ትደጋግማላችሁ፤ የሰዋስው ሕግ ትደጋግማላችሁ፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር አራት ጊዜ ሰርዛችሁ እንደገና ትጽፋላችሁ። አንዳንድ ቀን ማንም አያያችሁም። በእንዲህ ያለ ቀን ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ የምትሠሩትን አዳምጡ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ጥቂት የተስተካከለ መሆኑን መርምሩ። የሚቀጥለውን ዘፈን ስትሰሙ ደግሞ ለአንዲት ደቂቃ ዘፋኙንና ጊታሩን ተውና ከሥር ያለውን ድምፅ ፈልጉ። በመጀመሪያ አይገኝ ይሆናል፤ በትዕግሥት ስትፈልጉት ግን ታገኙታላችሁ። ካገኛችሁት በኋላ ያለ እርሱ ዘፈኑን መስማት አትችሉም።